ዝናቡ ሲጥል ዜናው የት ይሄዳል?

ቴሌቪዥንዎን የገዙ ሰሞን ድምፁ 15 ላይ ይበቃ ነበር። ዛሬ 30 አድርሰውታል፤ ያም ሆኖ ተዋናይዋ ምን እንዳለች ለመስማት ከሶፋው ወደ ፊት ይንጠራራሉ። በመሃል ማስታወቂያ ይገባና ቤቱን ያናውጠዋል። ሪሞት ፍለጋ ይጀመራል። ቀንሰው ሳይጨርሱ ድራማው ይመለስና አሁንም የሚሰማ ነገር የለም። ይህ በእርስዎ ቤት ካልደረሰ ዕድለኛ ነዎት፤ ገጹን ገልብጠው ወደ ምግብ ዓምዱ ይለፉ።

እኔ ነገሩን በቁም ነገር ማሰብ የጀመርኩት ባለፈው ክረምት፣ ለእረፍት እንጅባራ ወላጆቼ ቤት በሄድኩ ጊዜ ነው። እንጅባራን የሚያውቅ ሰው ክረምቷን ያውቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፣ ዝናቡም መጣል ሲጀምር ቶሎ አይተውም። ያ ሁሉ ዝናብ የሚወርደው ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ነው።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ልጆች ሳለን በእኛ ቤት የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ሳል እንኳ አይፈቀድም ነበር። ያን ሰሞን ግን ዜናው ሊጀምር ሲል «ደከመኝ» ብለው ተነሥተው ይገባሉ። እናቴ ኩርፊያ መስሏት «ምን ብለሻቸው ነው?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ «አባዬ፣ ምን ሆነዋል?» አልኳቸው። «ምን ልሁን ልጄ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ቃሉ አይገባኝም። በየደቂቃው ምን አለ፣ ምን አለ እያልኩ እናንተን ማስቸገር ሰለቸኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ ዕቃ መደብር ሳይሆን ባሕር ዳር ወደ ጆሮ ሐኪም ነው። እርስዎም በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄዱ እመክራለሁ፤ አንዳንዴ ችግሩ በጆሮ ውስጥ የተጠራቀመ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል። የአባቴ ግን የዕድሜ ነው። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም በአብዛኛው የሚጀምረው ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» የመሳሰሉት ድምፆች የሚሰሙት በእነዚህ በቀጫጭኖቹ ነው፤ ቃልን ከቃል የሚለዩልንም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሰውዬው «መናገራቸውን እሰማለሁ፣ የሚሉትን ግን አልሰማም» ቢል እያሾፈ አይደለም። ድምፁን መጨመር ጩኸቱን ያበዛዋል እንጂ ቃሉን አይመልሰውም። ሐኪሙ የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ እንዲሞክሩ ሐሳብ አቀረበላቸው። አባቴ «ገና ነኝ» ብለው ወጡ። ይህ ሙግት እስከ ዛሬ አላለቀም።

ጥፋቱ ሁሉ ግን የጆሯቸው አልነበረም። የእኔም ጆሮ እዚያ ሳሎን ውስጥ ይቸገር ነበር። ከኋላው ጉብ ያለው የድሮው ቴሌቪዥን ለስፒከር የሚሆን ቦታ ነበረው፤ ድምፁም ብዙውን ጊዜ ከፊት ለፊት ይወጣ ነበር። ፍላት ስክሪኑ ሲቀጥን ስፒከሩም አብሮ ቀጠነና ከሥር ወይም ከኋላ ተሸጎጠ። ድምፁ መጀመሪያ ቡፌውን ወይም ግድግዳውን ይመታል፤ ወደ እኛ የሚመጣው ከዚያ ነው። ለሥዕሉ ጥራት ያን ያህል ገንዘብ ከፍለን ድምፁን ከግድግዳ ተረፈ ምርት እንሰማለን ማለት ነው።

«ሪሲቨር ልገዛ ነው» ስል ወንድሜ «ያለን አይበቃም እንዴ?» አለኝ። አልፈርድበትም፤ እኛ ሪሲቨር የምንለው የዲሹን ነው። እኔ ያልኩት የድምፅ ሪሲቨር ከቴሌቪዥኑ፣ ከዲሹ ወይም ከፍላሽ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ ለየስፒከሩ ድርሻውን የሚያከፋፍል ሣጥን ነው። ካርቶኑ ላይ 5.1 የሚል ካዩ አምስት ስፒከርና ለጎርናና ድምፅ የተለየ አንድ ሰብዉፈር ማለት ነው። ሁለቱ በግራና በቀኝ ከፊት፣ ሁለቱ ከተቀማጩ ጎንና ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ይሆናሉ። አምስተኛው መሃል፣ ከስክሪኑ ሥር ይቀመጣል።

ስለዚህ ስለ መሃለኛው ስፒከር ትንሽ ልቆይ። በፊልም ሥራ የተዋንያኑ ንግግር በአብዛኛው የሚላከው ወደዚህ ስፒከር ነው፤ ሙዚቃውና ግርግሩ ለሌሎቹ ይከፋፈላል። በቴሌቪዥኑ ሁለት ቀጫጭን ስፒከሮች ስንሰማ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይጨፈለቅና ንግግሩ ከሙዚቃው ሥር ይሰምጣል። መሃለኛው ራሱን ችሎ ሲቆም ግን ንግግሩን ብቻ ከፍ ማድረግ ይቻላል። «የእኛ ጣቢያዎች በሁለት መሥመር ስቴሪዮ አይደለም ወይ የሚያስተላልፉት?» ቢሉኝ፣ ለዚያም መላ አለው። እንደ ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ ያለው አሠራር ከግራውም ከቀኙም እኩል የሚመጣውን ድምፅ ለይቶ ወደ መሃል ይወስደዋል። የዜና አንባቢ ድምፅ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሁለቱም እኩል የሚመጣ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ በጢስ አለቀ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣልኝን ያገለገለ ሪሲቨር በደስታ ሰካሁት፤ ቷ አለ፣ ቤቱ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተሞላ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ የዚያ አገር ዕቃ ብዙው ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ኃይሉን የሚመጥን ትራንስፎርመር ሳያዘጋጁ እንዳይሰኩት። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አለኝ ለሚል ዘመድዎም ቀድመው ይንገሩት።

ሁለተኛውን አዲስ አበባ ገዛሁ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና የካርቶን ቁጥር እንዴት እንደሚያብጥ አውቃለሁ። በሺዎች የሚቆጠር ዋት ከተጻፈበት አጠገብ «ፒኤምፒኦ» የሚል ካለ፣ ያ ለቅጽበት እንኳ በተግባር የማያገኙት የማስታወቂያ ቁጥር ነው። «አርኤምኤስ» የሚለውን ይፈልጉ። ደግሞም ዋቱ እጥፍ ቢሆን ድምፁ እጥፍ አይሆንም፤ ጭማሪው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። እጥፍ ጎላ ብሎ እንዲሰማን ወደ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ለመካከለኛ ሳሎን ትልቅ ቁጥር ማሳደድ ገንዘብ መበተን ነው።

አገጣጠሙ እንደሚፈራው አይደለም። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካሉት የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎች «ኤአርሲ» የተጻፈበትን ይፈልጉ፤ በአንድ ገመድ ድምፁ ወደ ሪሲቨሩ ይመለሳል። ከሌለ የኦፕቲካል ገመዱ ይሠራል፤ ያም ከሌለ ቀይና ነጩ ገመድ። ከዚያ የቴሌቪዥኑን የራሱን ስፒከር ያጥፉት፤ ሁለቱ አብረው ከተናገሩ ማሚቶ ይሆናል። የመሃለኛውን ድምፅ ከሌሎቹ 3 ዴሲቤል ያህል ከፍ አደረግሁት፤ አባቴ «ተይው፣ እዚያ ላይ ተይው» ያሉት እዚህ ላይ ነው። በብዙ ሪሲቨሮች ላይ ያለው የሌሊት ማስተካከያም የማስታወቂያውን ጩኸትና የሹክሹክታውን ርቀት ያጠብበዋል፤ ሕፃን ለሚያስተኛ ቤት ትልቅ እረፍት ነው። መሃለኛውን ስፒከር ቡፌው ውስጥ ወደ ኋላ አይደብቁት፤ ፊቱ ወደ ጆሮዎ ይይ። ሰብዉፈሩን ጥግ ውስጥ ከወተፉት ይጎመጉማል፤ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤትዎም ከእርስዎ በፊት ይሰሙታል።

የቀረው የቤቱ ጉዳይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከዕቃው ያላነሰ ነው። ሴራሚክ ወለል፣ ባዶ የብሎኬት ግድግዳና ትልቅ መስኮት ያለው ሳሎን ድምፅን እየመለሰ ያንጫጫዋል። ምንጣፍ፣ ወፈር ያለ መጋረጃና ሶፋ ይውጡታል። የዝናቡ ነገር ግን ሌላ ነው። ለስላሳ ነገር ውስጥ ያለውን ማሚቶ ይውጣል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን ጩኸት የሚያግደው ክብደት ያለው ነገር ነው። የወላጆቼ ቤት ኮርኒስ ጨርቅ ነበር፤ ቆርቆሮው ያለውን ሁሉ ያሳልፋል። በመስከረም ሳሎኑን ብቻ በቺፑድ አስመታነው። በዚያ ወር በጣለው ዝናብ ዜናው ሙሉ በሙሉ ጥርት ብሎ ተሰማ ብዬ አልዋሽም። ግን አባቴ እስከ ስፖርቱ ድረስ ተቀመጡ።

ይህን ሁሉ አድርገው ያለ ስታብላይዘር አይተዉት። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ዕቃ ይበላል። ነጎድጓድ ሲጀምርም የዲሹን ገመድ ጭምር መንቀል የክረምት ሥራ ነው፤ በእኛ ቤት ይህን የያዘችው እናቴ ናት። የኪስ ነገር ካልፈቀደ ደግሞ ሁለት ደህና ስፒከር ከስክሪኑ ግራና ቀኝ፣ በጆሮ ትክክል ማድረግ ብቻ ብዙ ይለውጣል። አምስቱን ካልገዛሁ ብለው እንዳይተዉት።

በጥር 23 አባቴ እንደ ልማዳቸው የአገው ፈረሰኞችን በዓል ሜዳው ላይ ዋሉ። ማታ የቀኑን ውሎ በቴሌቪዥን ለማየት ተሰበሰብን። የፈረሶቹ ኮቴ ከሰብዉፈሩ ሲነሣ እናቴ የቡና ሲኒዎቹን ያዘች። አባቴም፣ ስንት ወር ድምፅ ጨምሩ ሲሉ የከረሙት፣ «ኧረ ዝቅ አድርጉት፣ ሰውዬው የሚለውን ልስማበት» አሉ። ሁለቱ የኋላ ስፒከሮች እስካሁን ከካርቶናቸው አልወጡም፤ ለዜና አያስፈልጉም ተብሎ ነው። ወንድሜ ግን ወደ ራሱ ክፍል ሊያዞራቸው ገመድ ሲለካ አይቼዋለሁ።