የኢትዮጵያ ጎዳና በኢየሩሳሌም

ቅድስት ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የታደለ ምእመን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ጎልጎታን፥ የጌታችንን ቅዱስ መቃብርና ቤተ ልሔምን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከጥንታዊቱ ከተማ ቅጥር ውጭ፥ በስተ ምዕራብ ባለው የከተማው ክፍል፥ በአገራችን ስም የሚጠራ አንድ ጠባብ ጎዳና አለ። የኢትዮጵያ ጎዳና ይባላል፤ የከተማው ሰዎችም «የሐበሾች መንገድ» ሲሉት ኖረዋል። በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ጎዳና ለአንባብያን ልንተርክ ወደድን፤ አባቶቻችን ለየቤታችን የሚሆን ትምህርት ትተውበታልና።

ጎዳናው እንዴት እንደ ተገኘ ለመረዳት አስቀድሞ ዴር ሡልጣንን ማስታወስ ያስፈልጋል። በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የሚገኘው ይህ ገዳማችን በ1830 ዓ.ም. ገደማ ብርቱ መከራ ደረሰበት። ቸነፈር ገብቶ መነኰሳቱን ፈጀ፤ መጻሕፍታቸውና ሰነዶቻቸውም በእሳት ጠፉ። ከዚያ ወዲህ በቦታው ባለቤትነት ከግብጻውያን ቅብጦች ጋር የተነሣው ክርክር እስከ ዛሬ ፍጻሜ አላገኘም። ማስረጃው የጠፋበት ሰው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ቤትህ አይደለም ይባላልና፥ የዚያ ዘመን አባቶች ያዩት ሐዘን ቀላል አልነበረም።

በዚያው በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ የኢየሩሳሌም ሕዝብ ከሞላ ጎደል የሚኖረው በቅጥሩ ውስጥ ነበር፤ የከተማይቱም በሮች ሌሊት ይዘጉ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1860 ወዲህ ግን ሰዎች ከቅጥሩ ውጭ መሬት እየገዙ መሥራት ጀመሩ። የአገራችን ነገሥታትም ከዚህ ዕድል ወደ ኋላ አልቀሩም። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ወራሪዎችን ድል የነሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለኢየሩሳሌም ገዳም ገንዘብ ሰደዱ፤ ከነቢያት ጎዳና በስተ ሰሜንም የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን መሠራት ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ሲወድቁ ሥራው ገና አላለቀም ነበርና፥ የተጀመረውን ወደ ፍጻሜ ማድረስ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድርሻ ሆነ። አንዱ ንጉሥ የጀመረውን ሌላው ፈጸመው እንጂ፥ የእኔ አይደለም ብሎ አላፈረሰውም።

ዛሬ በጎዳናው የሚያልፍ መንገደኛ በግራና በቀኝ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ ያያል። ከገዳሙ በር በላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። በሩን አልፎ ሲገባ እንደ አገራችን አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሆኖ የተሠራ፥ ትልቅ ጉልላት የተሸከመ መቅደስ ይጠብቀዋል። ቅኔ ማኅሌቱ፥ ቅድስቱና መቅደሱ በየክበባቸው ተለይተዋል፤ ምእመናንም ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። ጐጃምና ሸዋ ያደገ ሰው ከባሕር ማዶ ሳለ የደብሩን ሥርዓት ያገኘዋል።

በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያና በጎዳናው ላይ ካሉት ቤቶች ብዙዎቹ በመሳፍንቱ፥ በመኳንንቱና በወይዛዝርቱ ስጦታ የተገኙ ናቸው። አሳባቸውም ኪራዩ ለመነኰሳቱ ቀለብና ልብስ እንዲሆን ነበር። ከነቢያት ጎዳና ላይም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን (1909–1922 ዓ.ም.) የተሠራው፥ በግንባሩ የይሁዳን አንበሳ የያዘው ባለ ኅብረ ቀለም ሕንፃ ይገኛል፤ እርሱም የኢትዮጵያ ቆንስላ ሆኖ አገልግሏል።

በዚሁ ጎዳና በ11 ቍጥር ቤት ደግሞ ኤልዔዘር ቤን ይሁዳ ይኖር ነበር። ይህ ሰው የዕብራይስጥን ቋንቋ ከመጻሕፍት ወደ ልጆች አፍ ለመመለስ የደከመ፥ ታላቅ መዝገበ ቃላትም ያዘጋጀ ነው። ዕብራይስጥና ግእዝ የአንድ ዘር ቋንቋዎች ስለ ሆኑ፥ በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ በአንዱ ቤት ዕብራይስጥ ሲታደስ፥ በፊቱ ባለው ገዳም ግእዝ ሲጸለይ መኖሩ የሚያስደንቅ ነው።

የመከራ ቀን በመጣ ጊዜ ይህ ርስት ጥቅሙ ታየ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ ሰባቸው ጋር ከጅቡቲ በመርከብ ተጕዘው፥ ሐይፋ ወርደው መጀመሪያ ያረፉት በኢየሩሳሌም ነበር፤ ብዙ ስደተኞች ኢትዮጵያውያንም በዚያች ከተማ ተጠልለዋል። ከ1940 እስከ 1959 ዓ.ም. ደግሞ ኢየሩሳሌም በሁለት መንግሥታት ተከፈለች። ዴር ሡልጣን በዮርዳኖስ ወገን፥ ደብረ ገነት በእስራኤል ወገን ቀሩ፤ በመካከላቸውም የጦር ድንበር ቆመ። አንዱ ማኅበር በሁለት ቢከፈልም በሁለቱም ወገን ጸሎት አልተቋረጠም፤ በእያንዳንዱ ወገን የሚቆምበት የራሱ ቦታ ነበረውና።

እንግዲህ ይህ ጎዳና የሚያስተምረን ምንድን ነው? ርስት በጸሎት ይጠበቃል፤ ሰነዱን በሚያኖር፥ ድንበሩን በሚያውቅ፥ ለልጁም በሚነግር ሰው ደግሞ ይጸናል። ዴር ሡልጣን የሰነድ መጥፋት የሚያመጣውን ሐዘን፥ ደብረ ገነት በጊዜው የተገዛና የተያዘ ርስት የሚሰጠውን ዕረፍት ያሳዩናል። በየአጥቢያችን ያለው ቤተ ክርስቲያን መሬቱን ማን እንደ ሰጠ፥ ደወሉን ማን እንዳሰቀለ፥ ጽሑፉስ የት እንደሚገኝ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። አባቶችና እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እነዚህ ሽማግሌዎች ቢቀርቡ፥ የሰሙትንም በደብተር ቢጽፉ፥ ለነገ ትውልድ ታላቅ ርስት ባቆዩለት ነበር።

የካቲት 16 ቀን የኪዳነ ምሕረትን በዓል ስናከብር፥ በዚያ ጠባብ ጎዳና ላይ በአገራችን ሥርዓት የሚቆሙትን መነኰሳት በጸሎታችን እናስባቸው።