የፍየል ዓይን ሲጎዳ ምን እናድርግ?

ብዙዎቻችን ግማሽ ቀን ተምረን ግማሽ ቀን ፍየል እንጠብቃለን። እኛ ቤት ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው ከፍየል ሽያጭ ነው። ዓይኗ የጠፋ ፍየል ገበያ ብትወጣ ነጋዴው ዋጋዋን ይሰብራል፤ ሜዳ ላይም ቅጠሉን እየሳተች ትከሳለች። ስለዚህ ነው ይህን የጻፍኩት።

ፍየል እንደ በግ አንገቷን ደፍታ ሣር ብቻ አትግጥም። ጭንቅላቷን ቁጥቋጦ ውስጥ ከታ ቅጠል ትቀነጥባለች። ያኔ የግራር፣ የአጋም ወይም የቀጋ እሾህ ዓይኗን ይወጋታል። ሲዋጉም በቀንድ ይጎዳዳሉ። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የቁልቋልና የቅንጭብ አጥር ነው። ሲቆረጥ የሚወጣው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ዓይን ያቃጥላል፤ የእኛንም ጭምር! ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

የተጎዳ ዓይን ያነባል፣ ይጨፈናል፣ ፍየሏም ፀሐይ ትሸሻለች። ሲቆይ ነጭ ደመና ይጋርደዋል። (በነገራችን ላይ የፍየልን ብሌን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? እንደኛ ክብ አይደለም፣ አግድም የተኛ ነው። ዓይኖቿም በግራና በቀኝ ስለሆኑ ዙሪያዋን ታያለች። ቀስ ብላችሁ ስትቀርቧት ቀድማ የምትሸሸው ለዚህ ነው።)

መጀመሪያ ማጠብ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ ላይ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ አፍሉና ለብ እስኪል አቀዝቅዙት። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በሱ። አንድ ሰው ፍየሏን አጥብቆ ይያዝ፣ ሌላው ቀስ እያለ ዓይኗ ውስጥ ያፍስስ። ገለባ ወይም አቧራ ከሆነ አብሮ ይወጣል። እሾህ ዓይኑ ላይ ተሰክቶ ከሆነ ግን እንዳትነቅሉት! እንደዚያው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት። ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ባለሙያው አይቶ ያዛል። ለሰው ታዞ የተረፈ ጠብታ አትጨምሩ፤ አንዳንዱ የተጫረን ዓይን ያብሰዋል።

ቅጠል ወይም ጨው አኝኮ ዓይኗ ላይ እንትፍ ማለትስ? አያቴ "ድሮ በዚሁ ነበር የሚድነው" ትለኛለች። እኔ ግን የዳነው በራሱ ጊዜ የዳነ ይመስለኛል። ምራቅ ጀርም አለው፣ ጨው ብቻውን ደግሞ ቁስሉን ይለበልበዋል።

እሾህ የወጋው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ነው። ሁለቱም ዓይኖቿ ከቀሉና አይናር ከበዛ፣ ሌሎቹም ፍየሎች ማንባት ከጀመሩ ግን ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። ዝንብ ካንዱ ዓይን ወደ ሌላው ያዛምተዋል። ስለዚህ የታመመችውን ለብቻዋ ጥላ ስር እሰሯት፣ መኖም ውሃም እዚያው ስጧት። አዲስ የተገዛችም ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻዋ ትቆይ።

በረቱን በየቀኑ ጥረጉ፣ ዝንቡም ይቀንሳል፣ ዓይን የሚቆጠቁጠው የሽንት ሽታም ይቀንሳል። ገለባ ከላይ አትበትኑላቸው፣ በገበታ ወይም በቅርጫት ዝቅ አድርጋችሁ ስጧቸው። በር ላይ የተንጠለጠለ እሾህ ካለ ቁረጡ። የታመመች ፍየል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ አንዳንዱ ጀርም ወደ ሰው ዓይንም ሊተላለፍ ይችላል።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል