ጎዳናችንም እድር ያስፈልገዋል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጥምቀት ከባሕር ዳር ጎንደር ሄጄ ነበር። የስድስት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ፒያሳ ላይ ስንዘዋወር ቀሚሴን ጎተት አድርጋ «እምዬ፣ ሽንቴ መጣ» አለችኝ። አንድ ካፌ ገባን። «ካልተጠቀማችሁ አይቻልም» ተባልን። ያዘዝኩት ሻይ ሳይቀርብ ልጅቱን አመለጣት። እሷ አለቀሰች፤ ዕድሜ ልኬን ስለ ንጽሕና ሳስተምር የኖርኩት ነርስ ደግሞ አንገቴን ደፋሁ።

የጎንደር መሐል ከተማ የሁላችን ቅርስ ነው። የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ፒያሳው ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ጎዳና ይታደስ ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ገንዘቡ ከየት ይምጣ?» የሚል ነው።

ገንዘብስ ሲፈለግ ይመጣል። በ2000 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ በ19 ከተሞች የተጀመረው የከተሞች ልማት ፕሮግራም በ2010 ዓ.ም. 117 ከተሞች ደርሷል። በየሰፈሩ ነዋሪው ከኪሱ አዋጥቶ ኮብልስቶን አስነጥፏል። በ2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» ላይ ለአንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተከፍሏል። በጣና ዳር ያለችው ጎርጎራም በ«ገበታ ለሀገር» ለምታለች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ «ጽዱ ጎዳና፣ ኑሮ በጤና» በሚል ለሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች መሥሪያ ገንዘብ ተሰብስቧል። ይህ የሚያስመሰግን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ነው። መጸዳጃ ቤት ተሠርቶ ውኃ ከሌለው፣ የሚያጸዳው ሰው ደመወዝ ካላገኘ በጥቂት ወራት ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል። ያኔ ጎዳናው ያማረ ቢሆንም ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለስኳር ሕመምተኛና ፕሮስቴት ላለባቸው አባቶች የተዘጋ ነው። በሥራ ዘመኔ ገበያ ስለሚውሉ ብቻ ውኃ ሳይጠጡ የሚውሉ ብዙ እናቶች አይቻለሁ። ውኃ አለመጠጣትና ሽንት መቋጠር ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። «በቀን ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ» ብለን የምንመክራቸው አዛውንትም መጸዳጃ በሌለበት መንገድ አይወጡም።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። የድግስ ገንዘብ በአንድ ቀን ያልቃል፤ የእድር ገንዘብ ግን ትንሽም ብትሆን በየወሩ ትገባለች፤ መዝገብ አላት፤ ገንዘብ ያዥ አላት፤ ተቆጣጣሪ አላት። ጎዳናም እንዲሁ ነው። በጎዳናው ላይ ካሉት ሱቆች ኪራይ ጥቂቱ ለጥገና ይመደብ። መጸዳጃውን በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች በጥቂት ብር እያስከፈሉ ይያዙት፤ ሕፃናትና አቅመ ደካሞች በነፃ ይግቡ። ሒሳቡም በየሦስት ወሩ ለነዋሪው ይነበብ።

እናንት ወላጆችና አያቶች፣ ስለ መንገድና ስለ ልማት ስብሰባ ስትጠሩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መጸዳጃውና ማረፊያ ወንበሩ በዕቅዱ አለ ወይ? የጽዳትና የጥገናው ወጪ በየዓመቱ ከየት ይመጣል? እዚያው ቡና አፍልታ፣ በቆሎ ጠብሳ ልጆቿን የምታሳድገው እናት ሥፍራ ተይዞላታል ወይ?

የልጅ ልጄ አሁን አድጋለች። ያችን ቀን ግን አልረሳችም፤ «ጎንደር እንሂድ» ባልኳት ቁጥር አስቀድማ የምትጠይቀኝ ስለ ሽንት ቤቱ ነው።