ተራራው ለምን ይናዳል?

ክረምት ሲበረታ ተዳፋት ላይ ከተሠሩ ሁለት ጎጆዎች አንዱ በናዳ ሲወሰድ ሌላው ይተርፋል። ብዙዎቻችን «ዝናቡ ስለበዛ ነው» እንላለን። ነገር ግን በሁለቱም ላይ የዘነበው ዝናብ አንድ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ? ባለሙያዎች ይህን የሚመረምሩት የናዳ መንስኤዎችን በካርታ ላይ በማስፈር ነው። አሠራሩን እንደ እኛው ስደተኞች ከሰፈሩበት ከኮክስ ባዛር እንመልከት።

ኮረብታው ምን ደረሰበት?

ኮክስ ባዛር በባንግላዴሽ፣ በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የሚገኝ ኮረብታማ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ700,000 በላይ የሮሂንግያ ስደተኞች ከማይናማር ሸሽተው ገቡ። ሜዳ ስላልበቃ ደኑ ተመነጠረ፤ ተዳፋቱ እየተቆረጠ ለመጠለያ ተደለደለ፤ ለማገዶም ግንዱ ብቻ ሳይሆን ሥሩ ጭምር ተቆፍሮ ወጣ። የአካባቢው መሬት በደንብ ያልጠነከረ አሸዋና ሸክላ ነው። የሚይዘው ሥር ከሌለ ውሃ ጠጥቶ ይከብድና ይንሸራተታል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በ24 ሰዓት ውስጥ ከ300 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጣለ። ይህ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ባለ 20 ሊትር 15 ጀሪካን ውሃ እንደ መድፋት ነው። ናዳውም የሰው ሕይወት አጠፋ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024ም ቢያንስ 9 ሰዎች በናዳ ሞተዋል።

ካርታው እንዴት ይዘጋጃል?

በመጀመሪያ ቀደም ሲል የተናዱ ቦታዎች ይመዘገባሉ። ለዚህም የሳተላይት ፎቶግራፍ፣ የመስክ ጉብኝትና ነዋሪዎች የሚያስታውሱት ሁሉ ይጠቅማል። ቀጥሎ ለየመንስኤው አንድ አንድ ካርታ ይሠራል፤ ለመሬቱ ቁልቁለት፣ ለአፈሩ ዓይነት፣ ለዕፅዋቱ፣ ለውሃ መውረጃው፣ ለመንገድና ለቤት ለተቆረጠው ቦታ። ከዚያም ካርታዎቹ እንደ ስስ ወረቀት ተደራርበው ከተናዱት ቦታዎች ጋር ይነጻጸራሉ። ናዳው የበዛው ተዳፋቱ በተቆረጠበት ከሆነ ለዚያ መንስኤ ከፍተኛ ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቦቹ ሲደመሩ አደገኛው ቦታ ቀይ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ የተሻለው አረንጓዴ ይቀባል።

ካርታው የሚናገረው የት እንደሚናድ እንጂ መቼ እንደሚናድ አይደለም። ቀኑን ለመገመት የዝናቡን መጠን በየዕለቱ መለካት ያስፈልጋል።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

ዝናቡን ማስቆም፣ ተራራውን ሜዳ ማድረግ አይቻልም። ሥር መንቀልን፣ ተዳፋት መቁረጥንና የውሃ መውረጃ መድፈንን ግን ሰው ሊያቆም ይችላል። በኮክስ ባዛር ከእ.ኤ.አ. 2018ቱ ክረምት በፊት በተሠራው ካርታ መሠረት ከፍተኛ አደጋ ያሰጋቸው ቤተሰቦች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ለማገዶ ምትክ የማብሰያ ጋዝ ታደለ፤ ዛፍና ሣርም ተተከለ። ነገር ግን በቂ ሜዳ ባለመኖሩ ብዙዎች ዛሬም ተዳፋት ላይ ይኖራሉ።

በአገራችንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ወገኖቻችን በናዳ አልቀዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። አንዴ የተናደ ተዳፋት ገና አልረጋምና ሌላ ናዳ ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ ተዳፋት ላይ ወይም ከሥሩ የምትኖሩ ሁሉ በዝናብ ወቅት እነዚህን ምልክቶች ተከታተሉ፦

— በመሬት ወይም በግድግዳ ላይ የታየ አዲስ ስንጥቅ
— የተዘመመ ዛፍ፣ አጥር ወይም ምሰሶ
— በድንገት የደፈረሰ ወይም በአዲስ ቦታ የፈለቀ ውሃ

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ዕቃ ለመሰብሰብ አትዘግዩ። ልጆችንና አረጋውያንን ይዛችሁ ከተዳፋቱ ራቁ፤ ለጎረቤትና ለሰፈሩ ተጠሪም ወዲያውኑ ንገሩ።