ከአርቢ የተገዛች የድመት ግልገል በጠና ስትታመም፦ መድኃኒቱ ከሕጉ ቀድሞ የደረሰበት በሽታ

በአሜሪካና በአውሮፓ ዘሯ የተመዘገበ የድመት ግልገል ከአርቢ መግዛት የተለመደ ነው። በአገራችን ድመት በአብዛኛው አይጥ እንድትይዝ ከጎረቤት በነፃ የምትወሰድ እንስሳ ብትሆንም፣ በእነዚያ አገሮች ግን ውል ተፈርሞና በመቶዎች፣ አልፎም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተከፍሎ ከእጅ ወደ እጅ የምትተላለፍ ንብረት ነች። በመሆኑም የተገዛችው ግልገል በጠና ስትታመም ጉዳዩ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የሸማች መብትና የመድኃኒት ቁጥጥር ጉዳይም ይሆናል።

እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ላይ ካስነሱት ሕመሞች ዋነኛው "ፌላይን ኢንፌክሸስ ፔሪቶናይቲስ"፣ በአጭር አጠራሩ "ኤፍ አይ ፒ" የተሰኘው በሽታ ነው። በሽታው ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑ የተገለጸው እ.ኤ.አ በ1963 ሲሆን፣ ገለጻውን ያቀረቡት በቦስተን ከተማ በኤንጅል ሜሞሪያል የእንስሳት ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ጂን ሆልዝዎርዝ ናቸው። ከዚያ በኋላ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሽታው የተገኘባት ድመት ትድናለች ተብሎ አይጠበቅም ነበር። ሆዷ ውኃ የቋጠረ ግልገል በአብዛኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ትሞት ስለነበር፣ ሐኪሞች ለባለቤቱ የሚሰጡት ምክር ስቃይዋን በመርፌ እንዲያሳጥር ነበር።

የበሽታው መንሥኤ የድመት ኮሮና ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ከእ.ኤ.አ 2019 መጨረሻ ጀምሮ ዓለምን ካዳረሰው የኮቪድ ቫይረስ የተለየ ሲሆን ወደ ሰው አይተላለፍም። ብዙ ድመቶች በአንድነት በሚኖሩበት ቤት ቫይረሱ ከሞላ ጎደል የማይቀር እንግዳ ነው። በእዳሪ አማካይነት፣ በተለይም ድመቶቹ በጋራ በሚጸዳዱበት የአሸዋ ሳጥን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል። አብዛኞቹ ድመቶች ቀለል ያለ ተቅማጥ ቢይዛቸው ወይም ምንም ሳይሰማቸው ቢያልፍ ነው። በጥቂቶቹ ላይ ግን ቫይረሱ በሰውነታቸው ውስጥ እንዳለ ባሕርይውን ይለውጥና ከአንጀት ወጥቶ የመከላከያ ሕዋሳትን ይወርራል። ኤፍ አይ ፒ የሚባለው ይህ ለውጥ ያስከተለው ሕመም ነው።

እዚህ ላይ የአርቢው ኃላፊነት እስከ ምን ድረስ ነው የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ግልገሎች ከእናታቸው ያገኙት የመከላከል አቅም በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ገደማ እየቀነሰ ሲሄድ በቫይረሱ ይያዛሉ። ይህም ከመሸጣቸው በፊት መሆኑ ነው። ከእናት መለየት፣ ጉዞ፣ አዲስ ቤት፣ ክትባትና የማምከን ቀዶ ሕክምና ተደራርበው የሚያስከትሉት ውጥረት ደግሞ ለበሽታው መነሳት አስተዋጽኦ አለው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑት ለዚህ ነው። ቫይረሱ ከአርቢው ቤት መጣ ማለት ግን አርቢው በሽተኛ እንስሳ እያወቀ ሸጠ ማለት አይደለም። የትኛዋ ግልገል እንደምትታመም በሽያጩ ዕለት ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ የለም። ብዙ ገዢዎች በቁጣ የሚዘነጉት ይህንኑ ነው።

የሕመሙ አጀማመር ድምፅ የለውም። ግልገሏ ጨዋታ ትተዋለች፤ እድገቷ ይገታል፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የማይመልሰው ትኩሳት ይመላለስባታል። ከዚያም "እርጥብ" በሚባለው ዓይነት ሆዷ ወይም ደረቷ ፈሳሽ ይቋጥራል። አንዳንድ ባለቤቶች ሰውነቷ እየከሳ ሆዷ ሲነፋ የወፈረች ይመስላቸዋል። "ደረቅ" በሚባለው ዓይነት ደግሞ ፈሳሽ ሳይኖር ኩላሊት፣ ጉበት፣ ዓይን ወይም አንጎል ስለሚጎዳ፣ የዓይን ቀለም መለወጥ ወይም ሲራመዱ መንገዳገድ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል።

በሽታውን በአንድ የደም ምርመራ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። በደም ውስጥ የኮሮና ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ ድመቷ ከቫይረሱ ጋር መገናኘቷን ከማመልከት አያልፍም። ሐኪሙ የሚመዝነው የምልክቶቹን ድምር ነው። "አልቡሚን" እና "ግሎቡሊን" የተባሉት የደም ፕሮቲኖች ምጣኔ ከ0.4 በታች ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናል፤ ከ0.8 በላይ ከሆነ ይዳከማል። ከሆድ የተቀዳው ፈሳሽ ብጫና የሚያዝ መሆኑ፣ በውስጡም የቫይረሱ ዘረ መል መገኘቱ ሌላው ማስረጃ ነው። ውድ መሣሪያ በሌለበት ክሊኒክ የሚያገለግል "ሪቫልታ" የተሰኘ ቀላል ዘዴም አለ። በተጣራ ውኃ ላይ አንድ ጠብታ አሴቲክ አሲድ ተጨምሮ፣ ከሆድ የተቀዳው ፈሳሽ በላዩ ጠብ ይደረጋል። ጠብታው ሟሙቶ ከጠፋ ኤፍ አይ ፒ የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ቅርጹን ይዞ ቀስ እያለ ወደ ታች ከወረደ ምርመራው መቀጠል ይኖርበታል። ካንሰርና በባክቴሪያ የሚመጣ የሆድ ዕቃ ቁስለት ተመሳሳይ ውጤት ሊያሳዩ ስለሚችሉ ነው።

የመድኃኒቱ ታሪክ ከአፍሪካም ጋር የሚያገናኘው ክር አለው። ጊሊያድ ሳይንስስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያበለጸገው ሬምዴሲቪር እ.ኤ.አ ከኅዳር 2018 ጀምሮ በዴሞክራቲክ ኮንጎ ሪፐብሊክ በኢቦላ ሕሙማን ላይ ከተሞከሩት አራት መድኃኒቶች አንዱ ነበር። ከአራቱ ሁለቱ የተሻለ ውጤት በማሳየታቸው በነሐሴ 2019 ሬምዴሲቪር ከሙከራው ወጣ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚገኘው ጂ.ኤስ-441524 የተባለው ንጥረ ነገር ግን በዚያው ዓመት በሌላ መስክ ስሙ ተነሳ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚሠሩት ዶክተር ኒልስ ፔደርሰንና ባልደረቦቻቸው ንጥረ ነገሩን በበሽታው ለተያዙ 31 ድመቶች ሰጥተው፣ 25ቱ ለረጅም ጊዜ በሕይወት መቆየታቸውን በ2019 መጀመሪያ አሳተሙ። ለዚያን ጊዜ ሐኪሞች ይህ ፈጽሞ ያልተጠበቀ ውጤት ነበር።

ይሁንና ግኝቱ ወዲያውኑ ወደ መድኃኒት ቤት አልደረሰም። ኩባንያው ንጥረ ነገሩን ለእንስሳት መድኃኒትነት አላቀረበውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሬምዴሲቪር ለኮቪድ ሕክምና ተፈላጊ ሆኖ በግንቦት 2020 በአሜሪካ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ፣ በጥቅምት 2020 ደግሞ ሙሉ ፈቃድ ሲያገኝ፣ ለድመቶች የሚሆነው የቅርብ ዘመዱ ግን ያለ ፈቃድ ቀረ። ክፍተቱን የሞላው ሕገ ወጡ ገበያ ነበር። በአብዛኛው በቻይና የተመረቱ ጠርሙሶች፣ ይዘታቸው በውል ሳይታወቅ፣ በማኅበራዊ መገናኛ ቡድኖች አማካይነት ከባለቤት ወደ ባለቤት ተሸጋገሩ። አንዳንዱ ለአንዲት ግልገል በሺዎች የሚቆጠር ዶላር አውጥቷል። መርፌው አሲዳማ በመሆኑ ያማል፤ ቆዳም ያቆስላል። ሐኪሞችም መድኃኒቱን ማዘዝ ስለማይችሉ ባለቤቱ በራሱ እጅ ሲወጋ ከዳር ሆነው የደም ምርመራ ከመከታተል ያለፈ ሚና አልነበራቸውም። ጥራቱ ያልተረጋገጠ መድኃኒት ወደ አገር እንዳይገባ መከልከል የተቆጣጣሪ አካል ግዴታ መሆኑ አያጠያይቅም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ክልከላው በቦታው የተካ ነገር ስላልነበረ ገበያውን ከእይታ ከማራቅ በቀር አላስቆመውም።

አገሮች መፍትሔውን ያገኙት በየራሳቸው መንገድ ነው። በብሪታኒያ ከ2021 ጀምሮ በሐኪም ትእዛዝ ለየታማሚው በልዩ ሁኔታ የሚዘጋጅ ሬምዴሲቪርና ጂ.ኤስ-441524 በሕጋዊ መንገድ መገኘት ጀመረ። በቆጵሮስ በ2023 ከውሻ ኮሮና ቫይረስ ጋር የተዳቀለና ከድመት ወደ ድመት በቀጥታ የሚተላለፍ አዲስ ዓይነት ቫይረስ ድመቶችን በስፋት ሲገድል፣ መንግሥት ለሰዎች የኮቪድ ሕክምና አከማችቶት የነበረውን ሞልኑፒራቪር የተባለ መድኃኒት በነሐሴ ወር ለድመቶች እንዲውል ፈቀደ። በአሜሪካ ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በግንቦት 10 ቀን 2024 ባወጣው መግለጫ፣ ጂ.ኤስ-441524 በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ለታመመች ድመት በመድኃኒት ቤት ተቀምሞ ሲቀርብ የፈቃድ መስፈርቱን የማስፈጸም ሐሳብ እንደሌለው አስታወቀ። በሰኔ 1 ቀን 2024 ስቶክስ ፋርማሲ በቱና ዓሣ የጣፈጠ ባለ 50 ሚሊግራም እንክብል አቀረበ። ልብ ሊባል የሚገባው መሥሪያ ቤቱ መድኃኒቱን አለማጽደቁ ነው። አዲስ ሕግም አልወጣም፤ ያለው ሕግ በምን ሁኔታ እንደማይፈጸም ብቻ ተገለጸ። ከ2019 ሲቆጠር ይህ አምስት ዓመት ወስዷል።

የገዢውን መብት በተመለከተ ያለው ሁኔታ ከዚህ ያነሰ አጥጋቢ ነው። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ሕግ፣ ድመት ወይም ውሻ በተሸጠ በ14 ቀናት ውስጥ ሐኪም በሽታ መኖሩን ካረጋገጠ፣ ገዢው እንስሳዋን መልሶ ገንዘቡን የመቀበል፣ በሌላ የመለወጥ ወይም አስቀርቶ እስከ ግዥው ዋጋ ድረስ የሕክምና ወጪውን የማስተካት ምርጫ ይሰጠዋል። አብሮ ለተወለደ ጉድለት የጊዜ ገደቡ አንድ ዓመት ነው። ሕጉ የሚመለከተውም በዓመት ከተወሰነ ቁጥር በላይ የሚሸጡትን ነው። ይህ ገደብ ለፓንሉኮፔኒያና ለመሳሰሉት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሳቸውን ለሚገልጹ በሽታዎች የተመቸ ነው። ኤፍ አይ ፒ ግን ከሽያጩ በኋላ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ስለሚነሳ ብዙውን ጊዜ የሕጉ ቀን ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ አብሮ የተወለደ ጉድለትም አይደለም። በእንግሊዝ ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ዕድሜዋ ከስድስት ወር በታች የሆነችን ግልገል ያላረባት ነጋዴ እንዳይሸጣት ተከልክሏል። ይህም ቢያንስ ገዢው ምንጩንና እናቲቱን እንዲያውቅ ይረዳል።

ስለዚህ ገዢው በተግባር የሚተማመነው በውሉ ነው። ውሉ ኤፍ አይ ፒን በስም ጠቅሶ፣ የስንት ወር ዋስትና እንደሚሰጥና ማስረጃው ምን እንደሆነ ከገለጸ አለመግባባቱ ይቀንሳል። ግልገሏ ከታመመች የሐኪሙን የጽሑፍ ማስረጃ ለአርቢው በፍጥነት መላክ ያስፈልጋል። ካሣ ለመጠየቅ ብቻ ሳይሆን፣ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱት ወንድሞቿና እህቶቿ ከሌሎች ድመቶች የበለጠ ተጋላጭ በመሆናቸው ነው። ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ ለሌሎቹ ገዢዎች ያሳውቃል፤ በሽታው በልጆቹ ላይ የታየበትን ወንድ ድመትም ለእርባታ አይጠቀምበትም። ገንዘብን ለማስመለስ ሲባል ግልገሏን ወደ አርቢው መመለስ ግን ሕክምናውን ሊያዘገይ ስለሚችል፣ ሊያድኗት ለሚሹ ባለቤቶች የሚመረጥ መንገድ አይደለም።

የተለመደው የሕክምና ጊዜ 84 ቀናት ነው። በጀርመን በሙኒክ የተካሄደና በ2024 የታተመ ጥናት፣ ፈሳሽ ለቋጠሩ ድመቶች 42 ቀናትም እኩል ውጤት እንደሚሰጥ አሳይቷል፤ ከ40ዎቹ ታማሚዎች 38ቱ ድነዋል። የሚሻሉት ድመቶች ትኩሳታቸው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ውስጥ ይበርዳል፤ መብላትም ይጀምራሉ። አደጋው ያለው ከዚህ በኋላ ነው። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ሲሆን ያገገመች ግልገል በየሳምንቱ ትጨምራለች። በመጀመሪያው ሳምንት ልክ የነበረው እንክብል በስድስተኛው ሳምንት አንሶ ሊገኝ፣ በሽታውም ሊያገረሽ ስለሚችል ግልገሏ በየሳምንቱ ተመዝና መጠኑ ይስተካከላል። ሕክምናው ካበቃም በኋላ ለ12 ሳምንታት በክትትል ሥር ትቆያለች።