በ«ሰላም» የሚጀምሩት የመልክእ ድርሰቶች

መልክእ የአንድን ቅዱስ ስም፣ አካልና ገድል ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እየዘረዘረ በሰላምታ የሚያመሰግን የግዕዝ ግጥም ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሚዜሙትና ከሚጸለዩት ድርሰቶች መካከል በአጀማመሩ ተመሳሳይነት እንደ መልክእ የሚታወቅ የለም። የድርሰቶቹ ርእስ ሁሉ «መልክአ» ብሎ ይነሣና የሚመሰገነውን ስም ያስከትላል፤ መልክአ ሥላሴ፣ መልክአ ኢየሱስ፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኪዳነ ምሕረት፣ መልክአ ሚካኤል፣ መልክአ ጊዮርጊስ እያለ ይቀጥላል። ወደ ውስጥ ሲገባም አብዛኛው ክፍል «ሰላም» በሚለው ቃል ይከፈታል።

እያንዳንዱ የመልክእ ክፍል አርኬ ይባላል። አንድ አርኬ አምስት ስንኞች አሉት፤ አምስቱም በአንድ ፊደል ቤት ይመታሉ። የስንኞቹ ርዝመት እኩል አይደለም። አሠራሩ ግን ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ሰላምታው ለአንድ የአካል ክፍል ይቀርባል፤ ቀጥሎ ያ የአካል ክፍል በምሳሌ ወይም በገድሉ ታሪክ ይወደሳል፤ ከዚያ ቅዱሱ በስሙ ይጠራል፤ በመጨረሻም ልመና ይቀርባል። ልመናው የኃጢአት ይቅርታ፣ ከክፉ መጠበቅ ወይም በፍርድ ቀን መታሰብ ሊሆን ይችላል። በብራና መጻሕፍት ላይ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው የክርስትና ስም በዚህ የልመና ቦታ ገብቶ ይገኛል።

የሰላምታው ተራ የሰውን አካል ይከተላል። ብዙውን ጊዜ ከዝክረ ስም፣ ማለትም ከስሙ መታሰቢያ ይጀምራል። ከዚያ ሥዕርት፣ ርእስ፣ ገጽ፣ ቀራንብት፣ አዕይንት፣ አእዛን፣ መላትሕ፣ አእናፍ፣ ከናፍር፣ አፍ፣ አስናን፣ ልሳን፣ ቃልና እስትንፋስ ይከተላሉ። ከጕርዔና ከክሳድ በታች መትከፍት፣ ዘባን፣ እንግድዓ፣ አእዳው፣ መዝራዕት፣ ኵርናዕ፣ እመት፣ አጻብዕና አጽፋር አሉ። ግጥሙ በውጭ አካል ብቻ አይወሰንም፤ ልብ፣ ሕሊናና ኵልያትም ሰላምታ ይደርሳቸዋል። ከአብራክና ከአእጋር በኋላ ቁመትና ጠቅላላ መልክ ይወደሳሉ። የቅዱሳን መልክእ ከዚህ አልፎ ወደ ፀዓተ ነፍስ፣ ወደ በድን፣ ወደ ግንዘትና ወደ መቃብር ይሄዳል። በዚህ አካሄድ የአካሉ ዝርዝር ሲያልቅ የሕይወቱም ታሪክ ይፈጸማል።

ይህን የመሰለ ውዳሴ በመጽሐፍ ቅዱስም አለ። መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን በምዕራፍ 5 ውዱን ከራሱ ወደ ታች፣ በምዕራፍ 7 ደግሞ ውዲቱን ከእግሯ ወደ ላይ እየዘረዘረ ያመሰግናል። በተመሳሳይ ድምፅ የመጀመር ልማድም ለዳዊት ደጋሚ እንግዳ አይደለም። መዝሙር 118 በዕብራይስጡ 22 ክፍሎች ሲኖሩት፣ በእያንዳንዱ ክፍል ያሉት 8 ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። የግዕዙ ዳዊት አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚሉትን የፊደላት ስሞች በየክፍሉ ራስ ላይ እንደያዘ ነው።

አጀማመሩ አንድ ከሆነ ሰሚው አንዱን አርኬ ከሌላው የሚለየው በምን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን በሩቅ አገር ያለ አንድ ልማድ ያስረዳል፤ በጃፓን «ሂያኩኒን ኢሹ» የሚባል የ100 ገጣሚዎች የ100 ግጥም ስብስብ አለ። ግጥሞቹ በካርድ ላይ ተጽፈው ውድድር ይደረግባቸዋል፤ አንባቢው ሲጀምር ተወዳዳሪው ግጥሙን ለይቶ ካርዱን ቀድሞ ማንሣት አለበት። ከመቶው ውስጥ 7ቱ በመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ይለያሉ፤ 16ቱ ግን ሁሉም በ«አ» ስለሚጀምሩ ተወዳዳሪው ቀጣዩን ድምፅ መጠበቅ ግድ ይለዋል። የመልክእ ሰሚም እንዲሁ ሁለተኛውን ቃል ይጠብቃል። የዚህ ቃል ግንድ የትኛው አካል እንደሚወደስ ይነግረዋል፤ መጨረሻው ደግሞ ሰላምታው ለማን እንደሆነ ያመለክተዋል። «ከ» ከሆነ ለወንድ፣ «ኪ» ከሆነ ለሴት፣ «ክሙ» ከሆነ ለሥላሴ ወይም ለብዙዎች ነው። «ርእስከ» ሲባል ጊዮርጊስ ወይም ሚካኤል ሊሆን ይችላል፤ «ርእስኪ» ሲባል ግን አእምሮ ወዲያው ወደ እመቤታችን ይሄዳል።

አንድ ዓይነት የሆነው አጀማመር ለቃል ጥናት ትልቅ ድጋፍ ነው። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች የንባብ ቤት ተማሪ ቀን በመጽሐፍ ሲያነብ ይውልና ማታ የቃል ትምህርት ይቀበላል። ውዳሴ ማርያም፣ መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ በዚህ ሰዓት ከሚጠኑት ዋነኞቹ ናቸው። መምህሩ ወይም ከፍ ያለው ተማሪ አንዱን አርኬ ይነግረዋል፤ ልጁም ደጋግሞ ይለዋል። ቀጣዩ ቢጠፋበት የአካሉ ተራ ያስታውሰዋል፤ ከዓይን ጆሮ፣ ከጆሮ ጉንጭ እያለ ይወርዳል። ቤት መምቻው ፊደልም የስንኞቹን መጨረሻ ይይዝለታል። በዚህ መንገድ የግዕዙን ፍቺ ገና ያልተማረ ሕፃን ረጅሙን ድርሰት ሳያዛንፍ በቃሉ ይይዛል።

የምሥራቅ ጎጃሙ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ጉንደ ወይን የምትገኘው በእንዲህ ያለው ትምህርት በታወቀ አገር መካከል ነው። በደቡብ ደብረ ወርቅ ማርያምና በቢቸና አጠገብ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስ አሉ፤ በምሥራቅ ደግሞ ትውፊት አብርሃና አጽብሐ መሠረቷት የሚላት፣ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ሕንጻ ፍርስራሽ የሚታይባት መርጡለ ማርያም ትገኛለች። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። አካባቢው የገነነው በቅኔ ነው፤ ቅኔና መልክእ ግን በጠባያቸው ይለያያሉ። ቅኔ ለዕለቱ ተፈጥሮ አንድ ጊዜ የሚቀርብ ነው፤ ርዝመቱም እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ ጉባኤ ቃና 2 ቤት፣ መወድስ 8 ቤት ነው። መልክእ ግን የጸና ድርሰት ሆኖ በየዓመቱ ይደገማል።

መልክእ በማኅሌት ሲዜም ሁሉም አርኬ አይባልም፤ ለበዓሉ የሚስማሙት ይመረጣሉ። በብዙ በዓላት በመጀመሪያ ከሚባሉት አንዱ ከመልክአ ሥላሴ ለኵልያት ሰላምታ የሚያቀርበው አርኬ ነው፤ ቀጥሎ የበዓሉ ባለቤት መልክእ ይመጣል። ከእያንዳንዱ አርኬ በኋላ ከቅዱስ ያሬድ ድርሰት የተውጣጣ፣ በሐሳብ የሚስማማው ዚቅ ይከተላል። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው እየተቀባበሉ ይቆማሉ። ዜማው በመጀመሪያ ያለ ከበሮ በቁም ይባላል፤ በዝማሜ ጊዜ መቋሚያው ከሰውነት ጋር ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይወዛወዛል፤ በመረግድ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ፤ በጽፋት ፍጥነቱ ይጨምራል፤ እጅም ይጨበጨባል። አቋቋሙ እንደየቤቱ ይለያያል። ከእነዚህ አንዱ አለቃ ገብረ ሐና እንደ ጀመሩት የሚነገርለትና በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም ነው።

የመልክእ ድርሰት በብዛት የተስፋፋው ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው፤ ዘመኑ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ያለበት፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ብዙ ምስጋና የተደረሰበት ነው። የብዙዎቹ ደራሲ ስም አይታወቅም። አምስት ስንኝ ያለው አርኬ ከመልክእ ውጭም ይሠራበታል። በስንክሳር ከየቅዱሱ ታሪክ በኋላ የሚመጣው አጭር ሰላምታ በዚሁ ልክ የተሠራ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዜመው ማኅሌተ ጽጌም አምስት አምስት ስንኝ አለው።

የአጀማመሩ አንድነት ለዜመኛው ቢመችም ለመጻሕፍት መዝጋቢ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የብራና ዝርዝር የሚያዘጋጁ ሊቃውንት ድርሰትን የሚለዩት በመጀመሪያ ቃላቱ ስለሆነ፣ ለመልክእ «ሰላም» ብሎ መመዝገብ ምንም አይለይም። ማርዮስ ሼን በ1913 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የሰላምና የመልክእ ድርሰቶች ለብቻቸው ዘርዝሮ አሳትሟል። ኋላም በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ ጌታቸው ኃይሌን የመሰሉ ሊቃውንት ባዘጋጁት ዝርዝር ብዙ መልክአት ተመዝግበዋል። አንድን መልክእ በትክክል ለመለየት የባለቤቱ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ለአንድ ቅዱስ ከአንድ በላይ መልክእ ሊደረስለት ይችላልና። ስለዚህ የመጀመሪያው አርኬ ስንኝ እስከ ቤት መምቻው ድረስ ሊጻፍ ይገባዋል። ለምእመናን ግን ብዙዎቹ «መልክአ ጉባኤ» በሚል ስም ተሰብስበው ስለታተሙ፣ እያንዳንዱን በየበዓሉ ገልጦ መጸለይ ይቻላል።