ጌም ሠሪው ውኃ ቀድቶ ያውቃል ወይ?

በዚህ እትም ስለ ቪዲዮ ጌም ልንጽፍ ነው ስንል ፊታቸውን የሚያጨማድዱ ወላጆች እንደሚኖሩ እናውቃለን። «ልጆቻችን ደብተራቸውን ጥለው ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ፣ እናንተ ደግሞ ጭራሽ ልታበረታቱ ነው እንዴ?» የሚለን አይጠፋም። እውነታችሁን ነው፤ እኛም አስተማሪዎች ነንና ክፍል ውስጥ ስልክ ስንቀማ ነው የምንውለው። የዛሬው ወሬያችን ግን ስለሚጫወቱት ሳይሆን ስለሚሠሩት ሰዎች ነው። ለመሆኑ ጌም የሚሠራው ማነው? ሐሳቡንስ ከየት ያመጣዋል? (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጉዳዩ የተነሳው ካርቱም ነው። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ጀሪፍ ወይም ዴም የኖረ አበሻ ሁሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶቹን ያስታውሳል። ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ በሰዓት የሚከፈል ሒሳብ፣ መብራት በሄደ ቁጥር «ጨዋታዬ ተቋረጠ፣ ገንዘቤን መልስ» የሚል ጭቅጭቅ። እኛ እዚያ የምንገባው የቀረ ተማሪ ፍለጋ ነበር። እየቆየ ግን ከሁለት ልጆች ጋር ወሬ ጀመርን። አንዱ ሱቅ አረቢ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን ወጣት ነው፤ ሁለተኛዋ የአሥረኛ ክፍል ተማሪያችን ስትሆን እናቷ መንገድ ዳር ሻይ ትሸጥ ነበር። ሁለቱም ሲጫወቱ ከመዋል ይልቅ የራሳቸውን ጌም መሥራት ያምራቸዋል። ስማቸውን ሳንጠቅስ እንለፈው።

ብዙ ሰው ጌም የሚሠራው በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ባሉት ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ያለ አለቃና ያለ ባለሀብት፣ አንዳንዴም ለብቻቸው የሚሠሩ አሉ። ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ «ስታርዱ ቫሊ» የተባለውን የእርሻ ጌም ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ የኮምፒዩተር ኮዱንም ብቻውን አራት ዓመት ተኩል ያህል ለፍቶበት በ2016 አወጣው። መነሻ የሆነው በልጅነቱ ይወደው የነበረ «ሃርቨስት ሙን» የተባለ የጃፓን ጌም ነበር። ይህን ስንነግራቸው ሞባይል ጠጋኙ፣ «አራት ዓመት ማን እያበላው?» አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሰውዬው ማታ ማታ ቲያትር ቤት እየሠራ ነው የኖረው።

አንድ ቀን ስለ ሱዳን የተሠራ ጌም እንዳለ ነገርናቸው። «ዳርፈር ኢዝ ዳይንግ» ይባላል፤ ዳርፉር እየሞተች ነው እንደማለት። ሱዛና ሩዊዝ የተባለች ተማሪና ጓደኞቿ በአሜሪካ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሠርተውት በ2006 በኢንተርኔት በነፃ ተለቀቀ። ተጫዋቹ ከአንድ የተፈናቀለ ቤተሰብ መሐል አንዱን መርጦ ውኃ እንዲቀዳ ይልካል፤ መንገድ ላይ ታጣቂዎች በመኪና ያሳድዳሉ። አዋቂውን ወንድ ልላክ ቢል ጌሙ አይፈቅድም፤ ታጣቂዎቹ ሊገድሉት ስለሚችሉ ወንድ ለውኃ መውጣቱ ያልተለመደ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ የሚላኩት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ጌሙን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተጫውተውታል፤ የሰውን ስቃይ መጫወቻ አደረጉት ብለው የተቹትም ነበሩ።

ልጅቷ ዝም ብላ ሰምታ፣ «ቲቸር፣ ጌም ሠሪዋ ውኃ ቀድታ ታውቃለች ወይ?» አለችን።

መልስ አልነበረንም። በእኛ አስተያየት ጌሙ ክፉ ሥራ አይደለም። ስለ ዳርፉር ሰምተው የማያውቁ ወጣቶች፣ አንዲት እናት «የትኛውን ልጄን ልላክ?» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን እንዲቀምሱት አድርጓል። የልጅቷ ጥያቄ ግን ከሁለታችንም አእምሮ አልወጣም።

እዚህ ላይ ስለ ሙያው አንድ ነገር ማለት አለብን። በልብ ወለድ ደራሲው በቃላት ይናገራል። በጌም ውስጥ ግን ዋናው ተናጋሪ ሕጉ ነው፤ ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይከለከላል፣ ምን ያስከፍላል የሚለው። ይህን ለመረዳት ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ገበጣን አስቡት፤ ጠጠር ካልዘራህ አታገኝም፣ ሁሉንም ጉድጓድህ ውስጥ አከማችተህ ከጠበቅህ ደግሞ ይወሰድብሃል። ሱዳኖች ከዛፍ ሥር አሸዋ ላይ የሚጫወቱት ሲጃም እንደዚሁ ነው። አምስት በአምስት ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አሥራ ሁለት ጠጠር ይሰጣል፣ መሐለኛው ባዶ ይሆናል፤ የጠላትህን ጠጠር በሁለት ጠጠርህ መሐል ስታስገባው ትይዘዋለህ። ሲጃን ማን እንደፈጠረው አይታወቅም፤ መሐል መግባት ምን ማለት እንደሆነ ግን ያውቅ ነበር።

ለልጅቷ ጥያቄ የሚቀርብ መልስ ያገኘነው ከሉአል ማየን ታሪክ ነው። ሉአል ደቡብ ሱዳናዊ ነው። ወላጆቹ ጦርነቱን ሸሽተው በእግር ወደ ሰሜን ዩጋንዳ ሲጓዙ መንገድ ላይ ተወለደ፤ በዚያው መንገድ ሁለት ልጆች ሞተውባቸዋል። ያደገው ስደተኛ ጣቢያ ውስጥ ሲሆን እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሯል። በ2007 ለስደተኞች ምዝገባ በሄደበት ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒዩተር አየና «ይህን እፈልጋለሁ» ብሎ ለእናቱ ነገራት። እናቱ ምንም ሳትለው ሦስት ዓመት ትንሽ በትንሽ ቆጥባ በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዛችለት። ጣቢያው መብራት ስላልነበረው ላፕቶፑን ቻርጅ ለማድረግ በየቀኑ ሦስት ሰዓት በእግሩ ይሄድ ነበር።

የመጀመሪያ ተጽዕኖ ያሳደረበት ጌም ደግሞ ወላጆች በጣም የምትጠሉት «ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ቫይስ ሲቲ» ነው፤ መኪና የሚሰረቅበት፣ ሰው የሚተኮስበት። ሉአል በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች እንደተናገረው፣ ይህን ሲጫወት የመጣለት ሐሳብ ተቃራኒው ነው። ጦርነት ያዩ የአገሩ ልጆች ይህን የመሰለ ኃይል ያለው ነገር ስለ ሰላም ቢሠራላቸውስ? የሠራውን ጌም «ሰላም» አለው። ካርቱም ለኖርን ሰዎች ቃሉ ትርጉም አያሻውም። በኋላ ያቋቋመው ድርጅትም «ጁኑብ ጌምስ» ይባላል፤ ጁኑብ ደቡብ ነው። ወደ አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን እየሠራ ሳለ በ2018 በጌም ሽልማቶች ሥነ ሥርዓት ላይ ለማኅበረሰብ በሚሰጠው ሽልማት ተከብሯል።

አሁን ሕጉን ተመልከቱ። በ«ሰላም» ውስጥ ተጫዋቹ ስደተኛ ነው፤ ከቦምብ ይሸሻል፣ ውኃና ምግብ ይፈልጋል። ኃይሉ ካለቀበት በእውነተኛ ገንዘብ ውኃ ወይም መድኃኒት ሊገዛ ይችላል፤ ያ ገንዘብ በእርዳታ ድርጅት በኩል ጣቢያ ውስጥ ላለ እውነተኛ ሰው እንዲደርስ ታስቦ ነው የተነደፈው። ስለ ስደት የሰማ ሰው ለጥማት ነጥብ ይቀንስ ይሆናል። ተጠምቶ የሚያውቅ ግን ውኃው ከስክሪኑ ወጥቶ የሚጠጣበትን መንገድ አሰበ። ልጅቷ ስለዚህ ሰው ስትሰማ ደጋግማ የጠየቀችው ስለ ጌሙ አልነበረም። «ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አላለችውም?» እያለች ስለ እናቱ ነበር።

ሞባይል ጠጋኙን የማረከው ሌላ ነው። ሉካስ ፖፕ የሚባል አሜሪካዊ ጃፓን እየኖረ በ2013 ያወጣው «ፔፐርስ፣ ፕሊስ» የተባለ ጌም አለ፤ «ወረቀት አሳዩ» እንደማለት። ፖፕ ሐሳቡን ያገኘው ሲጓዝ በየኬላው ከቆመባቸው ሰልፎች ነው። ጌሙ ውስጥ አንተ ኬላ ላይ የተቀመጥክ ፓስፖርት ፈታሽ ነህ። ደሞዝህ በምታስተናግደው ሰው ቁጥር ነው። ማታ ቤትህ ስትገባ ልጅህ ይራባል፣ ቤቱ ይበርዳል። አንድ ባል ወረቀቱ ተሟልቶ ያልፋል፤ ቀጥላ የመጣችው ሚስቱ አንድ ወረቀት ጎድሏታል። ብታሳልፋት አንተ ትቀጣለህ። ብትመልሳት ደግሞ... እኛ በመስኮቱ ውጪ ቆመን ያረጀን ሰዎች ነን፤ አንድ ጌም ከመስኮቱ ውስጥ ሲያስቀምጠን ምን እንደሚሰማ አስቡት። ልጁ በኮምፒዩተሩ ሞክሮት፣ «ቲቸር፣ እኔም እኮ መለስኳት» አለን። ሁለት ቀን ከዚያ ጌም ጋር ተኳርፏል።

ከአፍሪካ ሌላም አለ። ካሜሩናዊው ኦሊቪየር ማዲባና ጓደኞቹ ያውንዴ ላይ ሆነው፣ ከመብራት መጥፋት ጋር እየታገሉ፣ «ኦሪዮን» የተባለውን ጌም በ2016 አወጡ። አሠራሩን ሲጫወቱ ካደጉት ከጃፓን ጌሞች ወሰዱ፤ ኃይሉን ግን ከአፍሪካ አባቶች ውርስ አመጡት። ባለታሪኩም በንግሡ ዕለት ዙፋኑን ተነጥቆ ከሚስቱ ጋር የተሰደደ ንጉሥ ነው። ከአዲስ አበባ ደግሞ ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ነች። የበዓል ዋዜማ ያየ ኢትዮጵያዊ ለምን እንደምትሮጥ አይጠይቅም። ገበጣንም ወደ ስልክ ያመጡት እነሱ ናቸው።

ካርቱም ላይ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ከባድ ነበር። ከ1997 እስከ 2017 በቆየው የአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት ከሱዳን ሆኖ በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ መክፈል አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ ሶፍትዌር መግዛትም ሆነ የሠሩትን መሸጥ የማይታሰብ ነው። ማዕቀቡ ከተነሳም በኋላ በ2019 ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ተዘጋ። ነፃ መሥሪያዎች መኖራቸው ጠቅሟል። ለጀማሪ ልጆች «ስክራች»፣ ገፋ ላለ ሰው «ጎዶ» የሚባሉት ክፍያ አይጠይቁም፤ አንዴ በፍላሽ ከተገኙ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ልጃችን ጎዶን ያገኘው እንደዚያ ነበር።

የሠሩትን እንንገራችሁ። ስሙ «ኻልቲ» ነው። ካርቱም ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ ጎረቤት ያለችውን ትልቅ ሱዳናዊት ሴት የምንጠራው እንደዚያ ነው፤ አክስቴ ማለት ነው። ልጅቷ የሒሳብ ደብተሯ ላይ ሰፈር ሣለች። አንዷ ጠጠር ሻይ ሻጭ ናት። ከሻ፣ ማለትም አፈሳ፣ ሲመጣ ቤቷ መድረስ አለባት። መጀመሪያ የነደፈችው ሕግ ፈጥኖ የሮጠ ያመልጣል የሚል ነበር። ልጁ ሳቀባት፦ «እናትሽ ምድጃ፣ ጀበናና በንበር ተሸክማ ነው የምትሮጠው?» ልጅቷ ተናደደች፤ በማግስቱ ግን ሕጉን ለውጣ መጣች። የተሸከምሽው ዕቃ ሁሉ አንድ አንድ እርምጃ ይቀንስብሻል። ዕቃውን ጥለሽ ማምለጥ ትችያለሽ፤ ነገ ግን የምትሸጪው የለሽም። አፋሾቹ የሚይዙሽ እንደ ሲጃ ከሁለት ወገን ሲገቡብሽ ነው። መንገድ ላይ የኻልቲዎች በሮች አሉ። በሩ የሚከፈተው ቀደም ብለሽ ለዚያ ቤት በዱቤ ሻይ ሰጥተሽ ከሆነ ብቻ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ሕግ ስናነብ እኛ ዝም አልን። የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘችውም። እናቷ ከኖረችበት ነው ያመጣችው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተስማሙም። ልጁ «ይህ ጌም ማሸነፊያ ሊኖረው አይገባም፣ ከሻ በማግስቱም ይመጣል» ይላል። እሷ ደግሞ «እናቴ ማታ ቤት ከገባች አሸነፈች፣ አለቀ» ትላለች። እኛ ከእሷ ጋር ነን፤ ልጁ እስካሁን አልተረታም።

ልጁ ሥራውን ወደ ላፕቶፑ እየገለበጠ፣ ሻይ ሻጯ መራመድ፣ በሮቹም መከፈት ጀምረው ሳለ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ተነሳ። ላፕቶፑ እዚያው ቀረ። ደብተሩ ግን ከልጅቷ ጋር ወጥቷል። አሁን ሁለቱ በተለያየ አገር ናቸው፤ ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንስታ ልካልናለች፣ እሱም ከእኛው ወስዶ እንደገና ጀምሯል።

ከገጾቹ ጋር አንድ አዲስ ጥያቄ መጥቷል። የካርቱም ኻልቲዎች ራሳቸው ተሰደዱ። ብዙ ሱዳናውያን በ2023 በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ገብተው ኩመርና አውላላ ጣቢያዎች ውስጥ ሰፍረው ነበር፤ እኛ በመጣንበት መንገድ ወደኋላ መሆኑ ነው። እንግዲህ ልጅቷ፣ «ቲቸር፣ ኻልቲ ቤቷን ለቃ ከሄደች በኋላ በሩ ምን ይሁን? ይዘጋ? ወይስ አሁን በር የሚከፍተው ሌላ ሰው ይሁን?» ብላ ጽፋለች። ልጁ ይዘጋ ባይ ነው። እሷ አልወሰነችም።

የጌሙን የወረቀት ቅጂ በትምህርት ቤቱ አባዝተናል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዳሱ ሥር እንጫወተዋለን፤ ሻይ ሸጣችሁ የምታውቁ እናቶች በተለይ እንድትመጡልን እንለምናለን። ሃያ አራት ጠጠር ያስፈልጋል፣ ልጆች ለቅመው ይምጡ። ስለ በሩ ሐሳብ ያለው ጽፎ ቢሰጠን ለልጅቷ እንልክላታለን።